የልጆችን ጭንቀት በንግግርና በልምምድ ማከም፤ ሙያው በአዊ ዞን ምን ይጠይቃል?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከተማ በመስከረም ወር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዝግበው ዓመቱ ሳይጋመስ ከክፍል የሚጠፉ ተማሪዎች ስማቸው በመዝገብ ላይ ይቀራል፤ ከስማቸው ትይዩም «አቋርጧል» ወይም «አቋርጣለች» የሚል ቃል ይሰፍራል። ቃሉ ለሪፖርት ይበቃል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ከፊሉ በኑሮ ችግር፣ ከፊሉ በሥራ ፍለጋ፣ ከፊሉ ያለዕድሜ በሚፈጸም ጋብቻ ወይም በጸጥታ መደፍረስ ትምህርቱን እንደሚተው የታወቀ ነው። ማንም ልብ ሳይላቸው በፍርሃት፣ በድብርት ወይም በደረሰባቸው አስደንጋጭ ሁኔታ የተነሣ ከሰው ተለይተው ቤት የሚውሉ ልጆችም ከእነዚሁ መካከል ይገኙበታል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ልጆች የሚሰጥ፣ ውጤቱም በጥናት የተፈተሸ ሕክምና አለ። በሙያው አጠራር ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል፤ በአማርኛ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ሊባል ይችላል።

ሕክምናው መርፌም እንክብልም የለውም። በአንድ ባለሙያና በአንድ ልጅ መካከል፣ እንደ ልጁ ዕድሜም ወላጅ ወይም አሳዳጊ እየተጨመረበት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ቆይታ ይካሄዳል። አብዛኛውን ጊዜም ከ8 እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። መሠረቱን የጣሉት አሜሪካውያኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እና የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ኤሊስ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዋቂዎች ላይ ነበር። ለልጆች በሚስማማ መልክ የተዘጋጀውን የጭንቀት ሕክምና ፊሊፕ ኬንዳል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በንጽጽር ጥናት ፈትሸው ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ስለዚህ ሙያው በልጆች ዘንድ ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያለው ነው።

የሕክምናው መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው የሚያስበው፣ የሚሰማውና የሚያደርገው ነገር እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ይለወጣል። ሐሳቡን መናገር ቢቀልም በአንድ ልጅ ሕይወት ላይ ማዋሉ ግን ሥልጠናና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለአብነት ያህል ከገጠር ቀበሌ ወደ ዳንግላ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይታሰብ። ስንቁን ከቤተሰቡ እያመጣ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል ያድራል። አንድ ቀን መምህሩ በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ሲያስነሡት ቃሉ ተያዘበት፤ ክፍሉ ሳቀ። በማግሥቱ ሆዱን ቆረጠው፤ ከትምህርት ቤት ቀረ። በመቅረቱም እፎይታ ተሰማው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቀርቶ ሲውል ሕመሙ ይለቀዋል። ጓደኞቹ ሰነፈ ይላሉ፤ ወላጆቹ ሲሰሙ ሰው አየብን ይላሉ። ባለሙያው የሚይዘው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ፍርሃቱን የጀመረው ሳቁ ቢሆንም፣ ፍርሃቱን እያፋፋ ያቆየው መቅረቱ የሚሰጠው እፎይታ ነው። ልጁ በቀረ ቁጥር አእምሮው «ክፍል መግባት አደጋ ነው፤ የተረፍኩትም በመቅረቴ ነው» የሚለውን ትምህርት ይቀስማል።

እንግዲህ ሕክምናው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ወደ ኋላ ነው። ባለሙያውና ልጁ የሚያስፈሩትን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ይጽፏቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ቁጥር ይሰጡታል። ቅዳሜ ቀን ከጓደኛ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄዶ መመለስ 2 ሊሆን ይችላል። ተማሪ በሌለበት ክፍል ውስጥ ገብቶ መቀመጥ 3፣ ለአንድ ጓደኛ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ 5፣ በክፍል አለቃው መምህር ፊት አንድ አንቀጽ ማንበብ 7፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት መነሣት 10 ይሆናል። ልጁ ከታችኛው ደረጃ ይጀምራል። ፍርሃቱ ሲነሣበት አይሸሽም፤ እንደፈራው ነገር እንዳልሆነ እስኪያይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይቆያል። ይኸው ሳይደጋገም ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ልጁን ገፍትሮ 10 ላይ መጣል፣ ማለትም «ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ግባ» ማለት፣ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራ ቢመስልም ልጁን ለዘለቄታው ሊያስቀረው ይችላል።

ከዚህ ጎን ለጎን ግምትን በመረጃ የመፈተን ሥራ አለ። ልጁ «ሁሉም ይስቁብኛል» ካለ ባለሙያው አይከራከረውም። ስንት ተማሪ ይስቃል ብሎ እንደሚገምት ይጠይቀውና ቁጥሩን ያጽፈዋል፤ ልጁም አንብቦ ሲመለስ የሳቁትን ቆጥሮ ይመጣል። ሃምሳ ገምቶ ሁለት ያየ ልጅ የሚማረውን ያህል በምክር ብዛት ማስተማር አይቻልም። በነገራችን ላይ በውጭው ዓለም መጻሕፍት በሳምንቱ መካከል የሚሠራው ልምምድ «የቤት ሥራ» ይባላል። ከትምህርት ቤት ለሸሸ ልጅ ግን ይህ ቃል ራሱ ስለሚያስደነግጠው «ልምምድ» ማለቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጠር አንድ የተሳሳተ አረዳድ አለ። የአስተሳሰብ ሕክምና ሲባል ለልጁ ሁሉ ነገር መልካም ነው ብሎ መንገር የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህንን የሚያውቅ ተማሪ «እወድቃለሁ» ብሎ ቢጨነቅ ሐሳቡ የተዛባ ነው ለማለት አይቻልም። ባለሙያውም አይዞህ ታልፋለህ ቢለው ይዋሸዋል፤ የተዋሸ ልጅም ሁለተኛ አይመለስም። ሊመረመር የሚገባው «እወድቃለሁ» ከሚለው በስተጀርባ ያለው ነው። «ከወደቅሁ ለቤተሰቤ ውርደት ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወት የለኝም» የሚለው ሐሳብ መረጃ ሊቀርብበት፣ ሊጠየቅና ሊቃና ይችላል። የማካካሻ መርሐ ግብር፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ እንደገና መፈተን፣ በሥራ ላይ የተሰማሩ ያለፉት ዓመታት ተፈታኞች ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ይሆናሉ። ከዚህም በተጨማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ በማጥናት ጭንቀቱን ያባባሰ ልጅ የእንቅልፍና የጥናት ሰዓቱን በማስተካከል ብቻ ብዙ ሊሻለው ይችላል።

የድብርት ጉዳይ በመጠኑ ይለያል። የተደበረ ልጅ ደስ ሲለው ሊነሣ ይጠብቃል፤ ደስታው ግን ሳይነሣ አይመጣም። ስለዚህ ባለሙያው ከልጁ ጋር የሳምንቱን ቀናት በሰዓት ከፋፍሎ ትንንሽ ተግባራትን ይመድባል፤ ውኃ መቅዳት፣ ኳስ መጫወት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድ፣ በገበያ ቀን ከአገር ቤት ከመጡ ዘመዶች ጋር መገናኘት፣ ፈረስ መጋለብ። አዊ የፈረሰኞች አገር ናት፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ለአንድ የአዊ ልጅ የአባቱን ፈረስ ማጠብ ከማንኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ ከተገለበጠ ተግባር የበለጠ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ሕክምናው የሚያመጣው ለውጥ ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ችግሩ ዓይነት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ግምገማ ተቋም በልጆችና በወጣቶች የጭንቀት ሕመም ላይ የተደረጉ 87 ጥናቶችን መርምሮ እንዳስታወቀው፣ ሕክምናውን ካገኙት ልጆች ውስጥ 49 በመቶ ያህሉ ከዋናው የጭንቀት ሕመማቸው ሲድኑ ሳይታከሙ ተራ ከጠበቁት ግን የዳኑት 18 በመቶ ያህል ናቸው። በድብርት በኩል ግን ውጤቱ የዚህን ያህል ግልጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በ439 ወጣቶች ላይ የተካሄደው ጥናት፣ ከ12 ሳምንት በኋላ መድኃኒትና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና በአንድነት ከተሰጣቸው 71 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 61 በመቶ ያህል፣ የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ደግሞ 43 በመቶ ያህል መሻሻላቸውን አሳይቷል። ምንም ፍቱን ነገር የሌለው እንክብል ከተሰጣቸው 35 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል። በመሆኑም ብርቱ ድብርት ያደረበትን ወጣት በንግግር ብቻ ማከም በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለና፣ ባለሙያው ወደ ሐኪም መላክን የሽንፈት ምልክት አድርጎ ሊያየው አይገባም።

በተለይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ልጅ ሲያጋጥም ባለሙያው በቀጥታ መጠየቅ አለበት። መጠየቁ ሐሳቡን በልጁ አእምሮ ውስጥ ይተክላል የሚለው ፍርሃት በጥናት ያልተደገፈ ነው። ልጁ ሐሳቡን ከተናገረ ብቻውን አይተውም፤ ቤተሰብ እንዲያውቅ ይደረጋል፣ በቤት ውስጥ የሚገኝ ፀረ ተባይ ኬሚካልና መድኃኒት ይርቃል፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላካል። የምሥጢር ጥበቃ እዚህ ላይ ገደብ እንዳለው ለልጁም ለወላጁም በመጀመሪያው ቀን ሊነገር ይገባል።

በኢትዮጵያ ይህንን ሥራ ብቻ የሚሠራ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ራሱን የቻለ ሙያ የለም። ሥራው የሚሠራው በክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች፣ በሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ በአእምሮ ሕክምና ነርሶችና በአእምሮ ጤና በሁለተኛ ዲግሪ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው። አገሪቱ ለረጅም ዘመን ያላት ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በመላው አገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። በኋላም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር በመተባበር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ በአእምሮ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና መስጠት በመጀመራቸው ባለሙያዎች ወደ ክልሎች መውረድ ችለዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጋር እንዲቀናጅ መንገድ የከፈተ ነው።

ስለ ሕፃናቱ ችግር ስፋት የሚጠቀሱ አኃዞችን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአምቦ ወረዳ ጥናት የባህርይ ችግር ያለባቸውን ልጆች 17.7 በመቶ ሲያደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የቡታጅራ ጥናት 3.5 በመቶ ብቻ ነው ያገኘው። ልዩነቱ የአምቦ ልጆች አምስት እጥፍ ስለታመሙ አይደለም። የመጀመሪያው ለወላጆች በሚቀርብ አጭር መጠይቅ፣ ሁለተኛው በዝርዝር የምርመራ ቃለ መጠይቅ የተካሄዱ ናቸው። ለዕቅድ አኃዝ የሚፈልግ ጽሕፈት ቤት በምን መሣሪያ ተለካ ብሎ ካልጠየቀ በጀቱን በተሳሳተ መሠረት ላይ ያቆማል።

የአዊ ዞን ለዚህ ሙያ የራሱን ጥያቄዎች ያነሣል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 982,942 ነበር። አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ሲሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። ልጁ ፍርሃቱንና ሐዘኑን የተማረበት ቋንቋ አዊኛ ሆኖ ሳለ ባለሙያው በአማርኛ ብቻ ቢጠይቀው የሚያገኘው መልስ አጭርና ጨዋ ይሆናል፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል። ስሜትን መሰየም የሕክምናው መጀመሪያ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለልጆች የባህርይና የስሜት ችግር መለያ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ለአዊኛ ተናጋሪ ልጆች ግን ቃል በቃል አስተርጓሚ መጠቀም አያስተማምንም። የታላቅ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ልጁ በዘመድ ፊት የማይናገረው ብዙ አለና።

ከቋንቋው ቀጥሎ የሚመጣው ጨዋነት ነው። በአካባቢው ያደገ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ይህ የአስተዳደግ ምልክት እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅን ቃል ቁጭ ብሎ በጽሞና የሚያዳምጥ ሹም ወይም ባለሙያ ለልጁ እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቆይታዎች በሥዕል፣ በጨዋታና ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ታናናሾቹ በመጠያየቅ ቢያልፉ ጊዜ ባከነ ሊባል አይገባም። ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ሐሳብን መመርመር ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ሥራው በአብዛኛው ከወላጅ ጋር ይሆናል።

ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት ጠበል ይሄዳሉ። ባለሙያው ይህንን ቢነቅፍ የሚያጣው ልጁን ነው። በዚህ ረገድ ከኤች.አይ.ቪ ሕክምና የሚወሰድ ትምህርት አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማበረታታቸው መድኃኒት ያቋርጡ የነበሩ ሕሙማንን ረድቷል። በአእምሮ ጤናም የጠበል ቦታ አገልጋዮችና የጤና ባለሙያዎች ተግባብተው ከሠሩ ልጁ ሳይታሰርና ሳይመታ ሁለቱንም ማግኘት ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን መፈናቀል ነው። በ2013 ዓ.ም ከመተከል ዞን ከተፈጸመባቸው ጥቃት ሸሽተው የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች በጓንጓ ወረዳ በቻግኒ ከተማ አቅራቢያ በራንች መጠለያ ሰፍረው ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፣ ልጆችንም ለአስከፊ ነገሮች አጋልጧል። ቤታቸው ሲቃጠል ወይም ዘመዳቸው ሲገደል ያዩ ልጆች ሁሉ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ መጠለያ፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤትና የሚያውቁት አሳዳጊ ሲያገኙ በጊዜ ብዛት ይረጋጋሉ። ከወራት በኋላም በቅዠት የሚነቁ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚበረግጉ፣ ከጨዋታ የራቁ ልጆች ግን ለይቶ ማከም ያስፈልጋል። ለእነርሱ የተዘጋጀው ሕክምና አስቀድሞ የማረጋጊያ ስልቶችን ያስተምራል፤ ከዚያ ልጁ የደረሰበትን በራሱ ፍጥነት፣ በትንሽ በትንሹ እንዲተርክ ወይም እንዲሥል ያደርጋል፤ በመጨረሻም አሳዳጊው ታሪኩን እንዲሰማና እንዲደግፈው ያዘጋጃል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ኃላፊዎች የሚፈጽሙት አንድ ስሕተት አለ። እንግዳ ወይም ጋዜጠኛ ወደ መጠለያ በመጣ ቁጥር ልጅ ጠርቶ «የደረሰብህን ንገራቸው» ማለት የተለመደ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አስደንጋጭ ሁኔታ የደረሰበትን ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉን አስተርኮ መተው ጥቅም ስለሌለው እንዳይደረግ መክሯል። ባለሙያ እንኳ የማያደርገውን ነገር በካሜራ ፊት ማስደረግ ልጁን ከመጉዳት በቀር የሚያስገኘው የለም።

ይህንን ሕክምና የግድ ስፔሻሊስት ብቻ ይሰጠዋል ማለት አይደለም። በዛምቢያ ሉሳካ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በታተመ ጥናት ወላጆቻቸውን ያጡና ለችግር የተጋለጡ 257 ልጆች የተሳተፉ ሲሆን፣ ሕክምናውን የሰጡት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሳይሆኑ ሠልጥነው በየሳምንቱ ክትትል የሚደረግላቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የልጆቹ የሥቃይ ምልክትም ሕክምናውን ካላገኙት ይልቅ በእጅጉ ቀንሷል። በኢትዮጵያም በሶማሊያውያን ስደተኞች መጠለያ ካምፖች ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት የቡድን መርሐ ግብር ደግሞ ለታዳጊዎች 7፣ ለአሳዳጊዎች 3 ስብሰባዎች ያሉት ሲሆን መምህራንና የማኅበረሰብ ሠራተኞች ሠልጥነው ሊያካሂዱት ይችላሉ። የዛምቢያውን ጥናት ሲያነሡ «የአካባቢው ሰዎች» የሚለውን ይዞ «በየሳምንቱ ክትትል» የሚለውን መተው ግን የተለመደ ነው። አምስት ቀን ሠልጥኖ ሰርተፊኬት ይዞ የተመለሰ መምህር ተከታታይ ከሌለው በሦስተኛው ወር ወደ ተለመደው ምክርና ተግሣጽ መመለሱ አይቀርም። ለእንጅባራና ለዳንግላ ሠራተኞች ይህ ክትትል ከባሕር ዳር በስልክም ቢሆን ሊሰጥ ይችላል። በ2010 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በቅርብ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከዕቅድ አኳያ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። አንድ ባለሙያ በቀን 5 ልጆችን በአግባቡ ቢያይ በሳምንት 25 ቆይታ ይሆናል። በዓመት 44 የሥራ ሳምንት ቢታሰብ 1,100 ቆይታ ነው። እያንዳንዱ ልጅ 12 ቆይታ ካስፈለገው ባለሙያው በዓመት ከ90 ጥቂት ከፍ የሚሉ ልጆችን ብቻ አክሞ ይጨርሳል። በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «23 ታካሚ» የሚል አኃዝ የተመለከተ ኃላፊ ሠራተኛው ሥራ የፈታ ሊመስለው ይችላል። «ለምን ሁለት መቶ አላየህም» ተብሎ የተጠየቀ ባለሙያም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ እያየ አኃዙን ያሟላል፤ የሚሻለው ልጅ ግን አይኖርም። ስለዚህ ሪፖርቱ ስንት ልጅ ጀመረ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ ስንቱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ የሚሉትን ለይቶ ቢያሳይ የተሻለ ነው። በትምህርት ቤቶች የተመደቡ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎችም በፈተና ቁጥጥር፣ በዲሲፕሊን ኮሚቴና በመዝገብ ቤት ሥራ ሲጠመዱ የልጆቹ ሰዓት ይባክናል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ጠዋት የቀጣውን ልጅ ከሰዓት በኋላ ሊያክመው አይችልም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ትንሽ ነው። ድምፅ የማያሳልፍ፣ በሩ የሚዘጋና ውጪ ያለ ሰው ሊያይበት የሚችል ትንሽ መስኮት ያለው ክፍል፣ ሁለት ሦስት ወንበር፣ ደብተርና የቀለም እርሳስ፣ ቁልፍ ያለው ካዝና ወይም መሳቢያ። መሳቢያው የሚቆለፈው ለይስሙላ አይደለም። በትናንሽ ከተሞች ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ የአንዲት ልጅ ስም በመዝገብ ቤት ሠራተኛ አፍ አንድ ጊዜ ከወጣ ለትዳሯም ለትምህርቷም ጠንቅ ይሆናል። «የታካሚዎችን ዝርዝር ከነችግራቸው ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት ቢመጣ የሚላከው ቁጥር እንጂ ስም መሆን የለበትም። ልጁ የግብረ ሥጋ ጥቃት ወይም ድብደባ እንደደረሰበት ከተናገረ ግን ጉዳዩ ከሕክምና ክፍሉ ይወጣል፤ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስና ለሆስፒታል የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው መደንገጉም ባለሙያው በዱላ ምክንያት ትምህርት የጠላ ልጅ ሲያጋጥመው የሚያነሣው ነው።

የጊዜ ሰሌዳው ከትምህርት ዘመኑ ጋር መጣጣሙ የመጨረሻው ተግባራዊ ጉዳይ ነው። ከገጠር መጥተው በእንጅባራና በዳንግላ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በሰኔ መጨረሻ ወደየቀያቸው ይበተናሉ፤ በክረምቱ ወንዞች ሲሞሉና እርሻው ሲበዛ ለአንድ ሰዓት ቆይታ ከተማ የሚመለስ የለም። በግንቦት የተጀመረ የ12 ሳምንት ሕክምና መሐል ላይ ስለሚቋረጥ፣ በጥቅምት ተጀምሮ በጥር ቢያልቅ ይመረጣል። በሚያዝያ ወይም በግንቦት የመጣ ልጅ ካለ ባለሙያው ሦስት ወይም አራት ቆይታ ብቻ አቅዶ፣ ልጁ የክረምቱን ልምምድ በገዛ እጁ ጽፎ በደብተሩ ይዞ እንዲሄድ፣ በአቅራቢያው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ልጁንና አሳዳጊውን በነሐሴ አንድ ጊዜ ጎብኝታ እንድታይ ያደርጋል። መስከረም ሲጠባ ያው ደብተር እንደገና ይከፈታል።